የወይዘሮ ዘይነባ ቁጥርና የሲሬው መንገድ

ዕጣ የሚባል ነገር እኔን አያውቀኝም። ዕቁባችን ውስጥ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚደርሰው ለእኔ ነው፤ ሰብሳቢው ወረቀቱን ከማንሳቱ በፊት በሐዘኔታ ያየኝና «አንተስ ለምደኸዋል» ይለኛል። ልጆች ሆነን ኳስ ስንጫወት እንኳ፣ የእኔ ተራ ደርሶ ሳንቲም ሲወረወር ሳንቲሙ ጭቃው ላይ በጠርዙ ይቆም ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው «ተሳታፊ በዕጣ ይለያል» የሚል ማስታወቂያ ሲሰማ አርፎ ሥራውን መሥራት ነበረበት። እኔ ግን መቀሴን ቁጭ አድርጌ ልመዘገብ ሮጥኩ።

ነገሩ ከነቀምቴ እስከ ሲሬ የሚደረግ የብስክሌት ጉዞ ነው። ውድድር ነው የሚሉ አሉ፤ ጉዞ ነው የሚሉም አሉ። ማሸነፍ የማይችል ሁሉ «ጉዞ ነው» ይላል፤ እኔም ጉዞ ነው እላለሁ። ወለጋ ውስጥ ብስክሌት ያለውም የሌለውም መግባት ይፈልጋል፤ አስፋልቱ ደግሞ ከጭነት መኪናና ከአህያ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ለየከተማው ድርሻ መደበና የተመዝጋቢውን ሁሉ ስም በርሜል ውስጥ ከቶ በዕጣ ለማውጣት ወሰነ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በወገቤም በኩል ሰፊ ነኝ። «በዚህ ቦርጭ?» ለሚሉኝ ሁሉ፣ ዕድሜዬን በሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል ስረግጥ የኖርኩ ሰው መሆኔን አስረዳለሁ። ያን ሁሉ ፔዳል መንገድ ላይ ረግጬው ቢሆን ኖሮ ጅቡቲ ደርሼ፣ ባሕሩን አይቼ፣ ሙቀቱ ሰልችቶኝ ተመልሼ ነበር። ለአፍ ዳገት የለውም።

ቀልዱን ልተወውና፣ የተመዘገብኩት በአማቼ ምክንያት ነው። የሚስቴ የጂቱ አባት ኦቦ ገመቹ የሚኖሩት ሲሬ ነው። ድሮ የወባ መከላከያ ሠራተኛ ነበሩ፤ የመድኃኒቱን መርጫ አዝለው ያን አገር በብስክሌት ሲያካልሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ግን ከግቢያቸው በር ውጭ እግራቸውን አላወጡም። ጸሎቱም ቤታቸው ድረስ ይመጣል፤ ጸጉር አስተካካዩም ዕቃውን ይዞ ይመጣል። ልቅሶ ቢሉ፣ ሰርግ ቢሉ፣ ገበያ ቢሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «እግሬ» ይላሉ። ሐኪሙ እግራቸው ደህና ነው ብሏል። ጂቱ በስልክ ካነጋገረቻቸው በኋላ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ያን ዝምታ አልወደውም። እኔ ጩኸቷን ለምጄ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዝም ስትል ቤቱ ይጨንቀኛል።

አንድ ቀን ልንጠይቃቸው ሄደን ወሬው ሲጠፋ ጊዜ ስለ ብስክሌቱ ጉዞ አነሳሁ። አማቼ ቀና አሉ። እኔን ሲያነጋግሩ «እናንተ» ነው የሚሉኝ፤ በኦሮሞ ወግ አማች በነጠላ አይጠራም። ብቻዬን ብቀመጥም ስብሰባ ያደርጉኛል።

«እናንተም ትገባላችሁ?» አሉኝ።

«እገባለሁ እንጂ!» አልኩ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጨርሶ ያላሰብኩትን።

«በብስክሌት? እስከዚህ?»

«እስከዚህ!»

«እንግዲያው እናንተ ስታልፉ አስፋልቱ ድረስ ወጥቼ አያችኋለሁ» አሉ።

ጂቱ ውሃ ልታቀርብ ያነሳችው ብርጭቆ እጇ ላይ ቀረ። ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። በትዳራችን ዘመን እንዲያ አይታኝ አታውቅም፤ በሰርጋችን ቀን እንኳ እንዲያ አላየችኝም። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ማለት የሚባል ነገር አልነበረም።

አማቼ ነገር የሚጀምሩት በምርቃት ነው። ወዲያው የጎረቤት ሽማግሎች ተጠሩ፤ ጮቆርሳ የሚባለው ለምለም ሳር ተነቅሎ እጄ ላይ ተቀመጠ።

«አባ፣ ዕጣው እኮ ገና አልወጣም» አለች ጂቱ።

«ኤባ ይቀድማል፤ ዕጣ ይከተላል» አሉ። ኤባ ማለት ምርቃት ነው። ቀጠሉና፣ «ዋቃዮ ዳገቱን ዝቅ ያድርግላችሁ!»

«ሃ ታኡ!» አሉ ሽማግሎቹ፤ ይሁን ማለታቸው ነው።

«ፍሬናችሁ ይያዝ! ነጋን ገላ፤ በሰላም ግቡ!»

«ሃ ታኡ!»

እኔም ከሁሉም አስበልጬ «ሃ ታኡ!» አልኩ። ዕጣው ሳይወጣ የተመረቀ ብስክሌተኛ ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

ነቀምቴ ተመልሼ ለምዝገባ ስሰለፍ፣ ከፊቴም ከኋላዬም ቀጫጭን ጎረምሶች ቆመው አየሁና ወኔዬ ከዳኝ። ቦርጬን ይዤ ከሰልፉ ልወጣ ስል ክንዴን ጭምድድ አድርገው የያዙኝ እትዬ ዘይነባ ናቸው። እትዬ ዘይነባ ገበያ ውስጥ ከሱቄ ጎን ቅመም ይሸጣሉ። በድርቁ ጊዜ ከእናቴ ጋር ከወሎ በአንድ መኪና ተጭነው የመጡ፣ እናቴም ከሞተች ወዲህ እኔን የመቆጣት ሙሉ ሥልጣን የወረሱ ሴት ናቸው።

«ወዴት ነው?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ይቅርብኝ። የልጆች ጨዋታ ነው።»

«ኧረ ተው! አብሽር! ምን ያስፈራሃል? በል ይኸው፣ እኔም ካንተ ጋር እመዘገባለሁ!» ብለው ከፊቴ ገቡ።

መዝጋቢው ከራስ ሻሻቸው እስከ ጫማቸው አየና «ብስክሌት ይችላሉ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«በቅሎ እችላለሁ» አሉት። ጻፋቸው።

ዕጣው የሚወጣበት ቀን ሜዳው ሰው በሰው ሆነ። እኔ በሦስት በኩል ተጸልዮልኝ ነበር የሄድኩት። ራሴ ለማርያም ተስያለሁ፤ የጂቱ ጸሎት ቡድን ስሜን ጠርቶ ተንበርክኮልኛል፤ እትዬ ዘይነባም ዱዓ አድርገውልኛል። ሰማይ ቤት የትኛውም በር ቢከፈት ስሜ ይሰማል ብዬ ነው። በርሜሉ ይንከባለላል፤ ወረቀት ይወጣል፤ ስም ይጠራል። የዳቦ ጋጋሪው ስም ተጠራ። ብስክሌቱን ባለፈው ክረምት የሸጠ ሰው ተጠራ። ሁለት ወንድማማች ተከታትለው ተጠሩና እናታቸው እልል አለች። አንገቴ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ተንጠራርቼ አዳመጥኩ። በመጨረሻ ድምፅ ማጉያውን የያዘው የኮሚቴው ጸሐፊ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የመጨረሻዋ ዕድለኛ፣ ወይዘሮ ዘይነባ!»

እትዬ ዘይነባ ደረታቸውን ይዘው «ያ አላህ! እኔ ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አሉ።

ሰው ሁሉ እየሳቀ ያጨበጭብላቸዋል። እኔ ደግሞ ልስቅ እፈልጋለሁ፤ ፊቴ እንቢ አለኝ። በዚያች ሰዓት የታየኝ ዕጣው ሳይሆን፣ ሲሬ ያለው የተዘጋ የግቢ በር ነበር።

እትዬ ዘይነባ ከመድረኩ ልብስ ላይ የሚሰፋውን የተሳታፊ ቁጥር ተቀብለው ሲወርዱ በቀጥታ እጄ ላይ አስቀመጡት። «እንካ። ላንተ ብዬ ነው የገባሁት፤ ላንተ ነው የወጣው» አሉ። ሁለታችንም ደስ ብሎን ወደ ጸሐፊው ሄድን። ጸሐፊው አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ፣ ፊሽካውን ባይነፋውም ሁልጊዜ የሚነፋ የሚመስል ሰው ነው።

«አይተላለፍም» አለ። «ቁጥሩ የሚያገለግለው ዕጣ ለወጣለት ሰው ነው። ቁጥሩን የለበሰው ሰው ከመነሻ እስከ መድረሻ ብስክሌቱ ላይ መሆን አለበት። አለቀ።»

ላለቀ ነገር የሚያለቅስ ሰው አይደለሁም። አርጆ ትንሽ ከተማ ናት፤ የደረሳት ድርሻ ሳይሞላ አይቀርም ብለው ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁና በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ አርጆ ወረድኩ። የዚያ ኮሚቴ ሰብሳቢ ኦቦ ደበላ የሚባሉ ደግ ሰው ናቸው፤ ሻይ ቤት ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቦታ እንዳለ፣ ነገር ግን ከአርጆ ሰው «አውቀዋለሁ» የሚል አንድ ዋስ እንደሚያስፈልግ ነገሩኝ።

«እዚህ የሚያውቅህ አለ?»

«የለም። ሚስቴ ግን የዚሁ የወለጋ ልጅ ናት።»

«የማን ልጅ?»

ይህች ጥያቄ ወለጋ ውስጥ ከተጠየቀች ሻይ በአንድ ብርጭቆ አያልቅም። የጂቱን አባት ስም ነገርኳቸው። የአባቷን አባት ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አጠገባችን የተቀመጡ ሁለት ሽማግሎች ወንበራቸውን አስጠግተው ገቡበት። የእናቷን ወገን ጠየቁ። አንደኛው ሽማግሌ አገጫቸውን ይዘው ብዙ አሰቡና፣ የጂቱ አያት የአርጆ ሴት እንደነበሩ አስታወሱ። ሌላው ደግሞ የእኒያን ሴት ወንድም፣ የወንድምየውን ልጅ፣ ልጅቷ የተዳረችበትን ቤት አስታወሱ። ሦስተኛው ሻይ ላይ ስንደርስ ልጅቷ የተዳረችው ለራሳቸው ለኦቦ ደበላ አጎት ሆኖ ተገኘ።

ኦቦ ደበላ ከወንበራቸው ተነስተው አቀፉኝ። «ሶዳ ኬኛ! አማቻችን ነህ እኮ!»

ደስታዬ ወሰን አጣ። ዋስ ፈልጌ ሄጄ ዘር ማንዘር አገኘሁ። ወዲያው ግን ኦቦ ደበላ ቁጭ አሉና ፊታቸው ከበድ አለ።

«እንግዲህ ችግር መጣ» አሉ። «ዘመዴ ሆንክ። ለዘመዱ ቦታ ሰጠ ይሉኛል።»

«ቅድም ባዕድ ሆኜስ?»

«ባዕድ ስትሆን ደግሞ የሚያውቅህ የለም።»

ሽማግሎቹም ራሳቸውን ነቅንቀው «እውነት ነው» አሉ። ይህን ያህል በፍቅር የተከለከለ ሰው የለም። ቤታቸው ወስደው ምሳ አበሉኝ፤ ስሸኝ ለጂቱ ብለው አውራ ዶሮ አስያዙኝ። ቦታ ፍለጋ ሄጄ ዶሮ አቅፌ ነቀምቴ ገባሁ። ዶሮው በመንገዱ ሁሉ ጮኸ፤ እኔም ድምፅ ቢኖረኝ አግዘው ነበር።

ማታ ጂቱ ለአባቷ ደውላ እንዳልወጣልኝ ነገረቻቸው። ድምፃቸው ለእኔም ይሰማኛል። «ኤባ አይመለስም» አሉ። «እኔ የመረቅሁት መንገዱን ነው፤ ዕጣውን አይደለም።» ቀጠሉና ደግሞ፣ እኔን ማለታቸው ነው፣ «እነሱ ካላለፉ ግን ምን ልሠራ እወጣለሁ፤ እግሬም…» አሉና አቋረጡ። ጂቱ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም አለች።

እልህ ያዘኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ወረቀቱ እንኳ ሳይኖረኝ የያዝኩትን አልለቅም አልኩ። እነዚያ ሽማግሎች ሳር ይዘው «ሃ ታኡ» ያሉት ለቀልድ አይደለም። አማቼን ከዚያ በር ሳላስወጣ መቀስ አልይዝም ብዬ ለራሴ ማልኩ። በነጋታው መቀስ ያዝኩ፤ ምክንያቱም እትዬ ዘይነባ ቁጥሩን ይዘው መጡ።

«ለማስታወሻ እንዲሆነኝ ሹራቤ ላይ ስፋልኝ» አሉኝ።

እየሰፋሁ የጸሐፊው ቃል ጆሮዬ ላይ መጣ። ቁጥሩን የለበሰው ሰው ብስክሌቱ ላይ መሆን አለበት ነው ያለው። ብስክሌቱን ይንዳው መቼ አለ? ፔዳል ይርገጥ መቼ አለ? መርፌው ጣቴን ወጋኝ፤ አልተሰማኝም። ሮጬ ጸሐፊው ዘንድ ሄድኩ።

«እትዬ ዘይነባ ቁጥራቸውን ለብሰው ኋላ ቢቀመጡ፣ እኔ ብነዳስ?»

ጸሐፊው ሳቀ። ቀጥሎ የኮሚቴውን አባላት ጠራ። ተከራከሩ፤ እኔም ተከራከርኩ። ደንቡን ራሳቸው ስላወጡት ራሳቸውን አሰራቸው። በመጨረሻ ጸሐፊው በረጅሙ ተነፈሰና «ሴትየዋ እግራቸው መሬት ከነካ ትሰረዛላችሁ» አለ።

የቀረው እትዬ ዘይነባን ማሳመን ነበር። «እኔ? ወንድ ጀርባ ላይ ተንጠልጥዬ? በዚህ ዕድሜ? ልጆቼ ሰምተው ምን ይሉኛል!» አሉ። እኔ መለመን አቃተኝ። ጂቱ ግን አጠገባቸው ቁጭ ብላ የአባቷን ነገር ነገረቻቸው፤ ስለ በሩ፣ ስለ እግራቸው፣ ስለ እናቷ።

እትዬ ዘይነባ የቅመሙን ጆንያ አፍ አጥፈው ዘጉ።

«እኔም ያኔ ከመኪናው ወርደን ድንኳን ሲሰጡን አልወጣም ብዬ ነበር» አሉ። «ሁለቱን ልጆቼን መንገድ ላይ ቀብሬ ነው የመጣሁ። ያንተ እናት ናት እጄን ይዛ ጎትታ ያወጣችኝ። እንቢ ስላት በጥፊ ብላኛለች።» ወደ እኔ ዞሩ። «መቼ ነው የምንነሳው?»

ይህን ስለ እናቴ አላውቅም ነበር። ፊቴን ወደ ስፌት መኪናው አዞርኩ።

የጉዞው ዕለት ጂቱ ማልዳ በሚኒባስ ቀደመችን። እኔ የብስክሌቴ ዕቃ መጫኛ ላይ ሁለት ትራስ ደራርቤ ሰፋሁ፤ ጎሚስታው ጎማዬን እንደ ድንጋይ ነፋው፤ እትዬ ዘይነባ እንደ በቅሎ በአንድ ጎን ተቀምጠው ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ነቀምቴ የዚያን ቀን የሳቀችውን ሳቅ ዓመቱን ሙሉ አትስቀውም። «ጀባዹ!» ይሉኛል፤ በርታ ማለት ነው፤ ይሉኝና ሆዳቸውን ይዘው ያጎነብሳሉ። ፊሽካው ሲነፋ ጎረምሶቹ ሁሉ ከዓይናችን ጠፉ።

ሜዳው ላይ ደህና ነበርን። ዳገት ሲመጣ ግን የስፌት መኪናና ብስክሌት አንድ እንዳልሆኑ ገባኝ፤ የስፌት መኪና ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም። ኮምቶ የሚባለው ዳገት ጋ ትንፋሼ አለቀ።

«ልውረድልህ?» አሉ እትዬ።

«እንዳይወርዱ! ይሰርዙናል!»

ስለዚህ የወረድኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ጃንጥላ ይዘው እንደ ንግሥት ተቀምጠው፣ እኔ ብስክሌቱን እየገፋሁ ዳገቱን ተያያዝነው። ገበያ የሚሄዱ ገበሬዎች አዩንና ደንግጠው ከበቡን። ብስክሌት ላይ ተቀምጣ የምትገፋ እናት እዚህ አገር ታማሚ ናት።

«ምን አገኛቸው? ፈያ ሚቲ? አመማቸው?»

«ደህና ናቸው፤ ውድድር ላይ ነን!»

ሰዎቹ ተያዩ። አንደኛው እጁን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ በጣም በእርጋታ «ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ሆስፒታሉ እኮ በስተኋላህ ነው» አለኝ። ለእኔም እንዳዘነልኝ ገባኝ። ብናስረዳም አላመኑንም፤ ግን ዳገቱ እስኪያልቅ ሁሉም ተረዳድተው ገፉልን። እትዬ ዘይነባ ከላይ ሆነው ሁሉንም በየተራ መረቋቸው።

ካቴናው ሁለት ጊዜ ወለቀ። ፀሐዩ ጠነከረ፤ ቆየና አዘቀዘቀ። ወደ ሲሬ ስንቃረብ የደከመውን ሁሉ እየለቀመች የምትመለሰው የኮሚቴው መኪና ከፊታችን መጥታ ቆመች።

«ጨርሰናል» አለ ሾፌሩ። «ባነሩ ወርዷል፤ ሰዉም ቤቱ ገብቷል። ኑ ልጫናችሁ።»

ያኔ ተሰበርኩ። እውነቱን ልናገር፣ እንባዬ መጣ። አማቼ ወጥተውም ከሆነ ጠብቀው ጠብቀው ገብተዋል፤ አንዴ ተስፋ ቆርጠው ከገቡ ደግሞ ሁለተኛ የሚያስወጣቸው የለም። የእኔ እልህ ያንን በር ጭራሽ ዘጋው ብዬ አሰብኩ። ብስክሌቱን ይዤ መንገዱ ዳር ቆምኩ።

ከኋላዬ የጃንጥላ ጫፍ ጎኔን ወጋኝ። «ምን ትገትረኛለህ? ግፋ!» አሉ እትዬ ዘይነባ። «እናትህ ብትሆን በጥፊ ነበር።»

መኪናዋን አመስግነን ሸኘናት። ገፋሁ። እግሬ የእኔ አልመሰለኝም፤ ግን ገፋሁ። የመጨረሻዋን ጉብታ ስናልፍ መንገዱ ወደ ሲሬ ዝቅ ይላል። ባዶው አስፋልት ላይ፣ ከከተማው ርቆ፣ አንድ ሽማግሌ በትር ይዘው ወደ እኛ ይመጣሉ። ኋላቸው ጂቱ ወንበር ተሸክማ እየሮጠች «አባ፣ ኧረ ትንሽ እረፍ! አባ!» እያለች ትጮኻለች። እሳቸው ዞረውም አያዩአትም።

አጠገባችን ሲደርሱ ላባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ከእትዬ ዘይነባ ጋር ደህና አድርገው ሰላም ተባባሉ።

«ዘገያችሁብኝ» አሉኝ። «ስትቆዩብኝ ጊዜ ልቀበላችሁ መጣሁ።»

እትዬ ዘይነባ «እንግዲህ ልውረድ» ሲሉ፣ አማቼ ደንቡን ከጂቱ ሰምተው ኖሮ እጃቸውን አነሱ። «አይወረድም! ቁጥር ለብሳችኋል» አሉ። በትራቸውን ለጂቱ ሰጡና መሪውን ከእጄ ተቀበሉኝ። ፍሬኑን ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ አድርገው ሞከሩት፤ ጎማውን በጫማቸው መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ገፉት። ጂቱ በትሩን ይዛ እየሳቀችም እያለቀሰችም ከጎናቸው ሄደች።

ወንበሩን ጂቱ አስፋልቱ ዳር ጥላው ነበር። እግሬ ስለከዳኝ እዚያው ቁጭ አልኩና፣ አማቼ ሲያልፉ አየኋቸው።